እቴጌ ጣይቱና ሲሮጡ የታጠቋት ከተማ

ባለፈው በዕለተ ማርያም እናቴን ይዤ እንጦጦ ወጥቼ ነበር። እናቴ ሰማንያን ከተሻገረች ሰንብታለች፤ ጉልበቷም እንደ ቀድሞው አይታዘዝላትም። ቅዳሴው አልቆ ወደ መኪናው ስመራት እንቢ አለችና ከዛፎቹ መሀል ገለጥ ወዳለው ስፍራ እንድወስዳት አዘዘችኝ። እዚያ ቆማ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ሸፍና፣ ቁልቁል ከተማዋን መቃኘት ጀመረች። የምትፈልገው ሰፈሯን ነበር።

ጉዳዩ ወዲህ ነው። እናቴ አምስት ልጆች ያሳደገችው ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ፣ ሁለት ክፍል ባላት የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። በ2016 ዓ.ም. አካባቢው ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ የእኛም ቤት አብሮ ፈረሰ። በምትኩ ከከተማው ጫፍ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ኮንዶሚኒየም ደረሳት። መጸዳጃ ቤቱ የራሷ ነው፤ ጣሪያው አያፈስም፤ ይኼንን እሷም አትክድም። ነገር ግን ደረጃውን ወርዳ መውጣት ስለማትችል ሰው የምታየው በመስኮት ነው። ታዲያ ያን ቀን በመጀመሪያ የጊዮርጊስን ቤተ ክርስቲያን ፈልጋ አገኘች። ከዚያ ተነስታ በጣቷ የለመደችውን መንገድ ቁልቁል ስትከተል ቆይታ፣ ጣቷ አየር ላይ ቀረ። መሄጃ አጣ። ትንሽ ዝም ካለች በኋላ፣ እቴጌይቱም እኮ የሞቱት እዚሁ ተቀምጠው የገዛ ከተማቸውን ቁልቁል እያዩ ነው አለችኝ።

እኔ የሕግ ሰው ነኝ። ይህችን ከተማ ለብዙ ዓመታት የማውቃት በአዋጅ ቁጥሮቿ ነው። የእናቴ ንግግር ግን ከአእምሮዬ አልወጣ አለና፣ ሰሞኑን መጻሕፍቴን አገላብጬ የእቴጌ ጣይቱ ብጡልን ታሪክ እንደገና ማንበብ ያዝኩ። ስለ ዓድዋው ጀግንነታቸው ብዙ ተብሏል፤ ይገባቸዋልም። እኔን የሳበኝ ሌላው ጣይቱ ናቸው። ከተማ የቆረቆሩት፣ ከተማዋ በፍጥነት ስታድግ ያዩት፣ በመጨረሻም ከከተማዋ ወጥተው ከላይ የተመለከቷት ጣይቱ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ዛሬ አዲስ አበባን የሚያስጨንቋት ነገሮች አብዛኞቹ በእኚህ ሴት ዕድሜ ውስጥ ተጀምረው እናገኛቸዋለን።

ጣይቱ የተወለዱት በ1840ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ግድም እንደሆነ ይታመናል። አባታቸው ራስ ብጡል ኃይለ ማርያም፣ አጎታቸው ደግሞ ሰሜንና ትግራይን ያስተዳድሩ የነበሩት ስመ ጥሩው ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ናቸው። ዘራቸው ከሰሜንም ከየጁም ይሳባል። በዚያ ዘመን ለሴት ልጅ ብርቅ በሆነ መልኩ ማንበብና መጻፍ ተምረዋል፤ ግዕዝ ያውቃሉ፤ በገና ይደረድራሉ፤ ሰንጠረዥ ይጫወታሉ።

ያደጉበት ዘመን ግን ከተማ የሚረጋበት ዘመን አልነበረም። በአማርኛችን ከተማ የሚለው ቃል ራሱ በጥንቱ አነጋገር የጦር ሰፈር ማለት ነው። ንጉሡ ድንኳኑን ሲተክል ከተማ ይሆናል፤ በዙሪያው ያለው እንጨትና እህል ሲያልቅ ድንኳኑ ይነቀላል፤ ከተማውም አብሮ ይሄዳል። ቆሞ የቀረውም ቢሆን ዕጣው አስተማማኝ አልነበረም። ጎንደር በአፄ ቴዎድሮስ ዘመነ መንግሥት ተቃጥላለች፤ መቅደላም በ1860 ዓ.ም. በእንግሊዞች እሳት ጋይታለች። ወጣቷ ጣይቱ ከዘመዶቻቸው ውድቀትና እስር ጋር አብረው ያዩት ይኼንን ነው። ሰው ቤቱን የሚሠራው እንደሚፈርስ እያወቀ ነበር ማለት ይቻላል።

በ1875 ዓ.ም. በፋሲካ ሰሞን አንኮበር መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ከሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጋር ሥጋ ወደሙ ተቀብለው ተጋቡ። ሁለቱም ከዚያ በፊት ሌላ ትዳር የቀመሱ፣ በዕድሜም የበሰሉ ነበሩ። ንጉሡ በዚያን ጊዜ መቀመጫቸውን ወደ እንጦጦ ተራራ እያዞሩ ነበር። እንጦጦ ለጦር ስልት የተመቸ ነው፤ ጠላት ከየትም ቢመጣ ከሩቅ ይታያል። ለኑሮ ግን ጭንቅ ነው። ብርዱና ነፋሱ አጥንት ይሰብራል፤ ውሃው ይርቃል፤ እንጨቱ እየተመናመነ ይሄዳል፤ እህሉን ሁሉ በጀርባና በአጋሰስ ሽቅብ መግፋት ግድ ነው። ለሺህ ሰው የሚበቃው ተራራ ለብዙ ሺህ ሰው አልበቃም። እንግዲህ የመጀመሪያው የሕዝብ መጨናነቅ ችግር ገና አዲስ አበባ ሳትወለድ እንጦጦ ላይ ታይቷል ማለት ነው።

ከተራራው ሥር ፍል ውሃ አለ። ቤተ መንግሥቱ ለመታጠብና ለሕመም ፈውስ ወደዚያ መውረድ ለምዶ ነበር። በኅዳር 1879 ዓ.ም. ንጉሡ ወደ ሐረር ዘመቻ በሄዱበት ወቅት ጣይቱ ከፍል ውሃው አጠገብ ቤት እንዲሠራ አደረጉ፤ ቦታውንም አዲስ አበባ አሉት። መስኩ ላይ ያዩት አበባ ስሙን እንዳስወጣቸው ይነገራል። ንጉሡ ሐረርን ይዘው ሲመለሱ ሐሳቡን ተቀበሉ። መኳንንቱም የንጉሡ ልብ ወዴት እንዳዘነበለ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባቸውም፤ እየተከተሉ ወረዱ።

እዚህ ላይ የሕግ ትምህርቴ ዝም ብለህ አትለፍ ይለኛል። አዲሷ አበባ የተተከለችው ባዶ መሬት ላይ አልነበረም። ስፍራውን ነዋሪዎቹ ኦሮሞዎች ፊንፊኔ ይሉታል። ጉለሌ፣ ኤካ፣ ገላን የሚባሉት የቱለማ ጎሣዎች የሚያርሱትና ከብት የሚያሰማሩበት ምድር ነበር። ጉለሌና የካ ብለን የምንጠራቸው የከተማችን ክፍሎች እስከ ዛሬ ምስክር ናቸው። መሬቱ ለመኳንንቱና ለወታደሩ ሲታደል፣ ነባሩ ነዋሪ ወይ ቦታውን ለቆ ሄደ፣ ወይ በገዛ ቀዬው ገባር ሆኖ ቀረ። የልማት ተነሺ የሚለው ቃል በዚያ ዘመን አልነበረም። ተነሺው ግን ነበረ። የካሳ ጥያቄውም ሳይመለስ፣ ሳይመዘገብም ከከተማዋ መሠረት ሥር ተቀበረ። የዚህ ጉዳይ ቁጣ ከመቶ ዓመት በኋላ እንኳን እየተነሳ ሲያነጋግረን የኖረው በአጋጣሚ አይደለም።

ከተማዋ የተሠራችበት መልክም ልብ ይባል። ፕላን የሚነድፍ መሐንዲስ አልነበረም፤ ፕላኑ የጦር ሰፈሩ ሥርዓት ነው። ግቢው ከፍ ባለው ኮረብታ ላይ ይቀመጣል፤ ራሶቹና ደጃዝማቾቹ በዙሪያው ባሉት ጉብታዎች ላይ ርስት ይሰጣቸዋል። እያንዳንዱ ትልቅ ሰው በኮረብታው አናት ላይ አዳራሹን ሲሠራ፣ አሽከሮቹ፣ ወታደሮቹና የእጅ ባለሙያዎቹ ከሥሩ በጎጆ ይከቡታል። ራስ መኮንን፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ፣ ራስ ብሩ እያልን በሰው ስም፣ ሠራተኛ ሰፈር፣ ገባር ሰፈር እያልን በሥራ ስም የምንጠራቸው ሰፈሮች ሁሉ የዚያ ትሩፋት ናቸው። በሰፈርና በሰፈር መካከል ሸለቆ፣ ወንዝና ገደል ነው። ገበያው ጊዮርጊስ አጠገብ አራዳ ላይ ይቆማል።

ይህ አሠፋፈር ጉድለቱ ብዙ ነው። መንገድ የለውም፤ የፍሳሽ መውረጃ አይታሰብም፤ ጠብመንጃ ያነገበው ከላይ፣ እንስራ ያዘለችው ከታች ነው። አንድ በጎ ነገር ግን ነበረው። ሀብታምና ድሃ በአንድ ሰፈር ውስጥ ጎን ለጎን ኖሩ። ቱጃሩ በመስኮቱ የሚያየው የጠላ ሻጯን ቤት ነው። በኋላ የመጡት አስተዳዳሪዎች፣ በተለይም በአምስቱ ዓመት ጣሊያን፣ ይኼንን ለመለያየት ብዙ ለፍቷል፤ ነጩን ከጥቁሩ ለይቶ ለማስፈር አቅዷል፤ የአገሬውን ገበያም ከአራዳ ነቅሎ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ቦታ ወስዷል። ቢሆንም የሰፈሩ ጥንቅር እስከ እኛ ዘመን ዘልቋል። እኔ ያደግኩባት ጉራንጉርም የዚያ ቅሪት ነበረች።

ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ምኒልክ እንጦጦ ማርያም ላይ ንጉሠ ነገሥት ሆነው ሲነግሡ፣ ከሁለት ቀን በኋላ ጣይቱ እቴጌ ተብለው ዘውድ ደፉ፤ ብርሃን ዘኢትዮጵያም ተባሉ። ዘመኑ ግን ክፉ ቀን ነበር። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በቆየው ረሃብ የቀንድ ከብቱ በበሽታ አለቀ፤ አራሹ በሬ አጣ፤ ሰው እንደ ቅጠል ረገፈ። በዚያ ጊዜ የተራበ ሰው የሚሄደው እህል ወዳለበት፣ ማለትም ቤተ መንግሥት ወዳለበት ነው። ገጠሬው ወደ ከተማ የሚጎርፈው ከተማ ስለሚያምር ብቻ እንዳልሆነ ያን ጊዜም ታውቋል። ገጠር ሲነድ ጭሱ ከተማ ይገባል። በ1966 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ ጊዜም፣ ከዚያ ወዲህ ባየናቸው ጦርነቶችና መፈናቀሎችም ይኸው ነው የተደገመው።

ስለ ውጫሌና ስለ ዓድዋ አጠር አድርጌ ልለፍ። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል አሥራ ሰባተኛው አንቀጽ በጣሊያንኛው የአገሪቱን ነፃነት የሚሸጥ መሆኑ ሲታወቅ፣ ከማንም ይበልጥ እምቢ ባይ የነበሩት እቴጌይቱ ናቸው። እንደ ሕግ ባለሙያ ሁልጊዜ ያስቀኑኛል፤ ውልን በሁለት ቋንቋ የመፈረምን አደጋ ገና ዱሮ ተረድተውታል። በጦርነቱም የራሳቸውን ጦር ይዘው ዘምተዋል። መቀሌ ላይ የጣሊያን ምሽግ አልበገር ሲል፣ ምሽጉ የሚጠጣበት ምንጭ ተይዞ በጥም እንዲጨነቅ ያደረገው ስልት የእሳቸው መሆኑ ይታወቃል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይም ሴቶችን አሰልፈው ለተዋጊው ውሃ ያደርሱ ነበር። ልብ በሉ፣ ውሃ በእኚህ ሴት ሕይወት ውስጥ ደጋግሞ ይመጣል። ከተማቸውን የቆረቆሩት ስለ ውሃ ነው፤ ምሽግ ያስለቀቁት በውሃ ነው። ሰፈር ያለ ውሃ እንደማይቆም ከእሳቸው የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም።

ከዓድዋ በኋላ አዲስ አበባ ሩጫ ጀመረች። የጣሊያን፣ የፈረንሳይ፣ የሩስያና የእንግሊዝ መንግሥታት ሌጋሲዮን እንዲከፍቱ ሰፋፊ ቦታ ተሰጣቸው። የህንድ፣ የአርመን፣ የግሪክና የዓረብ ነጋዴ መጣ፤ ግንበኛና አናጺ መጣ። ከየጠቅላይ ግዛቱ ባለጉዳይ፣ ምርኮኛ፣ ባሪያ፣ ዕድል ፈላጊ ሁሉ ጎረፈ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነዋሪው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሆነ። ይህ ሁሉ ሕዝብ ማገዶ ይፈልጋል፤ ቤትም የሚሠራው በእንጨት ነው። በአንድ ወገን ግብሩ አለ። በግቢው አዳራሽ በሺህ የሚቆጠር ሰው በተራ ይበላል፤ የዚያ ሁሉ እንጀራ ምጣድ፣ የዚያ ሁሉ ጠጅ ጋን የሚተዳደረው በእቴጌይቱ ዓይን ሥር ነበር። ምጣዱ እንጨት ይበላል። የእንጦጦ ጥድ፣ የእንጦጦ ወይራ እያለቀ ሄደ፤ እንጨት ለቃሚውም ከቀን ወደ ቀን እየራቀ መሄድ ግድ ሆነበት።

መፍትሔው የጥንቱ መፍትሔ ነበር፤ ድንኳን መንቀል። በ1890ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ አፄ ምኒልክ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ፣ ደን ባለበት አገር አዲስ ዓለምን ቆርቁረው ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ። ዋና ከተማው ሊዛወር ነው ተባለ። ነገር ግን ይኼኛው ከተማ እንደ ዱሮዎቹ በቀላሉ የሚነቀል ሆኖ አልተገኘም። ሌጋሲዮኖቹ በድንጋይ ገንብተዋል፤ ነጋዴው ገንዘቡን መሬት ላይ አፍስሷል፤ መኳንንቱም አዳራሻቸውን አጠናክረዋል። አዲስ ዓለም የተጀመረው ቤተ መንግሥት በመጨረሻ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ አዲስ አበባ ቀረች።

ያስቀራት ባሕር ዛፍ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። በ1880ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ከባሕር ማዶ የመጣው ይህ ዛፍ በአምስትና በስድስት ዓመት ለማገዶና ለማገር ይደርሳል፤ ሲቆረጥ መልሶ ያቆጠቁጣል። ሕዝቡ ተሻማበት፤ በጥቂት ጊዜም ከተማዋ በባሕር ዛፍ ደን ተከበበች። እነሆ ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ ቦታዋን ሳትለቅ ማገዶዋን ማብቀል ቻለች። ዋጋው ግን አልቀረም። አገር በቀሉ ደን አልተመለሰም፤ ባሕር ዛፍ ውሃ ይጠጣል፣ ሌላ ቡቃያ አያበቅልም የሚለውን አቤቱታ ገበሬው እስከ ዛሬ ያሰማል። ከሁሉም በላይ፣ ከእንጦጦ ጫፍ ጎንበስ ብለው በጀርባቸው ከራሳቸው የሚከብድ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች የዚያ መፍትሔ ውላጅ ናቸው። እኔ ልጅ ሳለሁ የቤታችን እሳት የሚነደው በእነሱ ጀርባ ነበር። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ እንጦጦ ፓርክ ሲመረቅ ሁላችንም ደስ ብሎን ሄደን አየን። እዚያው መንገድ ላይ የነበሩት እንጨት ተሸካሚዎች ኑሯቸው ወዴት እንደዞረ ግን ስንቶቻችን ጠየቅን?

በውሃውም በኩል እንዲሁ ነው። በ1886 ዓ.ም. ስዊዙ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ሥር የመነጨ ውሃ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥቱ አስገባ። ውሃ ወደ ኮረብታ ይወጣል ብሎ ያመነ ጥቂት ነበር፤ ሲወጣ ግን ጉድ ተባለ። ታላቅ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ቧንቧው የቆመው ከግቢው ነው። ተራው ነዋሪ ከየወንዙ መቅዳቱን ቀጠለ፤ ያው ወንዝ ደግሞ የሁሉም መታጠቢያና መጣያ ነበር። አገልግሎት ከላይ ጀምሮ ወደ ታች የሚወርድባት ከተማ፣ ሕዝቡ ከቧንቧው ፈጥኖ የሚበዛባት ከተማ፤ ውሃ በፈረቃ የምንጠብቅ የዛሬ ነዋሪዎች ይኼን ታሪክ ብናነበው የሚገርመን አይመስለኝም።

የእቴጌይቱ ዓይን ግን በንግዱም በኩል ክፍት ነበር። በ1900 ዓ.ም. ገደማ ሥራ የጀመረው እቴጌ ሆቴል የአገሪቱ የመጀመሪያው ዘመናዊ ሆቴል ነው። ምግብ ለእንግዳ በገንዘብ መሸጥ እንደ ነውር በሚታይበት አገር መጀመሪያ ላይ ደንበኛ እንዳጡ፣ አፄ ምኒልክም መኳንንቱን አስከትለው በመሄድና ሒሳብ በመክፈል እንዳለማመዱ ይተረካል። ነገሩ ሲያስቁን ይኖራል እንጂ ትልቅ ለውጥ ያሳያል። በግብር የሚበላ የጦር ሰፈር፣ በገንዘብ ወደሚበላ ከተማ እየተለወጠ ነበር። በዚያው ሰሞን የአቢሲኒያ ባንክ ተከፈተ፤ ሚኒስትሮች ተሾሙ፤ በከተማዋ ውስጥ ቦታን በግል መያዝና መሸጥን የሚፈቅድ ደንብም ወጣ።

ይህ የመሬት ደንብ እኔ ከባንኩም ከሆቴሉም አስበልጬ የማየው ነው። ሰው በድንጋይ የሚገነባው ነገ እንደማይነቀል ሲያምን ነው። ደንቡ ያንን እምነት ሰጠ፤ ከጦር ሰፈር ከተማ ያወጣንም እሱ ነው። ጉድለቱ ግን መሬቱ አስቀድሞ የተደለደለው ለጌቶች መሆኑ ነው። ስለዚህ የዋስትናው ተጠቃሚዎች እነሱ ሆኑ፤ ከሥራቸው ያለው ጎጆ ቀላሽ ጭሰኛና ተከራይ ሆኖ ቀረ። እስከ 1966 ዓ.ም. ድረስ የከተማዋ ሰፊ መሬት በጥቂት እጆች ውስጥ ነበር።

ከዚያ ጊዜ በኋላ የእቴጌይቱ ዕድል ቁልቁል ሄደ። አፄ ምኒልክ ደጋግሞ በመታቸው ሕመም ሲዳከሙ የመንግሥቱን ሥራ በተግባር የያዙት ጣይቱ ነበሩ። ሹም ሽሩ በእሳቸው እጅ ገባ፤ የሰሜን ዘመዶቻቸውን ያቀርባሉ የሚል ቅሬታ በሸዋ መኳንንት ዘንድ በረታ። ቅሬታው ሁሉ ሐሰት ነበር ለማለት አልደፍርም። በመጋቢት 1902 ዓ.ም. መኳንንቱ አድመው ከፖለቲካ እንዲገለሉና ባላቸውን ከማስታመም በቀር ሌላ ነገር ውስጥ እንዳይገቡ ወሰኑባቸው። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ሲያርፉ ደግሞ ከግቢው ወጥተው ወደ እንጦጦ ተላኩ። ከሠላሳ ዓመት በፊት ብርዱን ሸሽተው ወደ ወረዱበት ተራራ መሆኑ ነው።

እንግዲህ እናቴ የነገረችኝ ይኼንን ነው። ጣይቱ አራት ዓመት ያህል እዚያ ኖረዋል። ከላይ ሆነው ከተማቸው ያለ እነሱ ስታድግ አይተዋል። የልጅ ኢያሱን መነሣትና መውደቅ ከዚያው ሰምተዋል። በ1909 ዓ.ም. የጂቡቲው ባቡር አዲስ አበባ ሲገባ፣ የዘመናት ሕልም ሲፈጸም፣ እሳቸው የሉበትም። ወደ ዘመዶቻቸው አገር ወደ ጎንደር ሄደው ቀሪ ዘመናቸውን ሊያሳልፉ ፈቃድ ጠይቀው እንደተከለከሉ ይነገራል። የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. አረፉ። ዛሬ አጽማቸው ከባላቸው ጎን በታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ይገኛል። ከተማዋ በሕይወት ሳሉ ባትመልሳቸውም ከሞቱ በኋላ መልሳቸዋለች።

እሳቸው ባረፉ በዘጠነኛው ወር፣ ኅዳር 1911 ዓ.ም.፣ ያ ዓለምን ያዳረሰ ጉንፋን ከተማዋን መታት። የኅዳር በሽታ እያልን የምናስታውሰው ነው። በተፋፈገ ጎጆ፣ በቆሸሸ ወንዝ አጠገብ፣ ሐኪምና ቀባሪ በጠፋበት፣ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰው አለቀ። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እያቃጠልን ኅዳር ሲታጠን የምንለው ልማድ የዚያ ትዝታ ነው። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ከመስክ ተነሥታ ዋና ከተማ የሆነች ሰፈር የፍጥነቷን ዋጋ በአንድ ወር ከፈለች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይሏል ይኸ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን እናንተም ታውቁታላችሁ። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። እናቴን የቀበሌ ቤት ተከራይ ያደረጋት ይህ አዋጅ ነው፤ ኪራዩን ቀነሰላት፤ ቤቱን ግን የሚያድሰው ባለቤት አሳጣው። በ1986 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 80 ሊዝን አመጣ፤ በ1994 እና በ2004 ዓ.ም. ተሻሻለ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ የመንግሥትና የሕዝብ ሀብት መሆኑ ተደነገገ። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ሕዝቡ ይጨምር ነበር። በ1976 ዓ.ም. ቆጠራ 1.4 ሚሊዮን የነበረው የአዲስ አበባ ነዋሪ፣ በ1987 ዓ.ም. 2.1 ሚሊዮን፣ በ1999 ዓ.ም. 2.7 ሚሊዮን ሆነ። ከዚያ ወዲህ ቆጠራ ስላልተካሄደ፣ ቤት የምንሠራውም የምናፈርሰውም በግምት ነው።

እኔ ፒያሳ እንደነበረች ትኑር ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ያደግኩባት ቤት ለአሥራ ሁለት አባወራ አንድ መጸዳጃ የነበራት ናት፤ በናፍቆት ላስጊጣት አልችልም። ከተማ ይታደሳል፤ መታደስም አለበት። የምለው ሌላ ነው። እናቴ ያጣችው ቤቱን ብቻ አይደለም፤ ዕድሯን፣ ማኅበሯን፣ ዱቤ የሚሰጣትን ባለሱቅ፣ ሲያማት ደጇን የሚያንኳኳውን ጎረቤት ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ስንል የኖርነው ለጌጥ አልነበረም። ጡረታ ለሌላት ሴት ጎረቤት ማለት ኢንሹራንስ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥ ካሳ እንዲኖር መደንገጉን ሳነብ፣ እንደ ሕግ ባለሙያ ኮርቼ ነበር። ሕጋችን ለመጀመሪያ ጊዜ ጎረቤትን ንብረት ብሎ ቆጠረው። ለቀበሌ ተከራይዋ እናቴ ግን ያ ኩራቴ በተግባር ምን እንዳስገኘላት አንድ ጽሕፈት ቤት ድረስ ሄጄ ጠይቄ፣ ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ስመላለስ ውዬ ያለ መልስ ተመልሻለሁ።

የእቴጌ ጣይቱ ሕይወት ለእኔ የሚነግረኝ እንዲህ ነው። ከተማን መቆርቆር የአንድ ብልህ ሰው ሐሳብና የአንድ ወቅት ሥራ ሊሆን ይችላል። ከተማን ማስፋትም በገንዘብና በጉልበት ይቻላል። የሚከብደው ቀድሞ ቦታው ላይ ለነበረው ሰው ስፍራ ማግኘት ነው። የፊንፊኔው አራሽ አላገኘውም፤ ቆርቋሪዋ ራሳቸው በመጨረሻ አላገኙትም፤ እናቴም አላገኘችውም። ሦስቱን አንድ ሚዛን ላይ ማስቀመጤ ላይሆን ይችል ይሆናል፤ ግፉም ደረጃውም ይለያያል። ሦስቱም ግን ከከተማዋ ውጪ ቆመው ያዩዋት ሰዎች ናቸው። ዛሬ ካርታ ዘርግተው መስመር የሚያሰምሩ ሹማምንትም ቢሆኑ፣ ነገ ከላይ ሆነው ከሚያዩት መሀል ላለመሆናቸው ዋስትና የላቸውም። ዋስትና ሊሆናቸው የሚችለው ዛሬ የሚያወጡት ሕግና ሕጉን የሚፈጽሙበት ልብ ብቻ ነው።

ያን ቀን ከእንጦጦ ስንወርድ እናቴ የቀድሞ ጎረቤቶቿን አንድ በአንድ እየጠራች ማን የት እንደደረሳት ትነግረኝ ነበር። አንዷ በምሥራቅ፣ አንዷ በደቡብ፣ አንዷ ልጇ ዘንድ ክፍለ ሀገር። በወር አንድ ቀን ሁሉንም አንድ ቦታ የሚያገናኛቸው ሰው ቢገኝ ስትል ሰማኋት። አዋጅ የማይጠይቅ፣ በጀትም የማይፈልግ ነገር ነውና መኪናው ከእኔ ሆኗል። በሚመጣው ማርያም እንጦጦ ላይ እንገናኛለን።